አንበሳ ገዳይ

ኤሉቪያ ዛሬ ሦስት አንበሳ ገደለች፤
ጎፈርም አልደፋች፣ ፉከራም አላለች።
ትንፋሿን ቋጥራ ወርዳ ከኮራሉ ጥላ፣
በጦሯ ጫፍ ወግታ ወጣች አንጠልጥላ።
እኔ ታንኳ ጠባቂው፣ መቀስ በእጄ ይዤ፣
አሥራ ስምንት መርዘኛ እሾሁን እከረክማለሁ፣ በመልኩ ፈዝዤ።

እሱስ ምን አጠፋ?
በመስተዋት ሣጥን ለጌጥ የመጣ እንግዳ፣
ሲሰለቻቸው ደፉት ከማያውቀው ጓዳ።
ራበው፤ በላ።
የአባቴ መረብ ውሃ ብቻ ይዞ እስኪወጣ ድረስ በላ።

እኛም እንበላዋለን።
ክንፉን የሳርቴኔሃ ሴቶች አድርቀው ጉትቻ ይሠሩበታል፤
ሥጋው ነጭ ነው፣ ለስላሳ፤
በሎሚ ታሽቶ፣ በኮኮናት ዘይት ሲጠበስማ ማን ይለዋል አንበሳ?

ትናንት የሆቴሉ ሰው፣ ዶን ፋውስቲኖ፣ ሚዛኑን እያስተካከለ፣
«ልጄ፣ ትንንሾቹን ተያቸው፤ ለከርሞ ይደጉልን» አለ።
«ገበያው ደርቷል።»
ኤሉቪያ ገንዘቧን ቆጠረች፤
ሁለቴ ቆጠረች፤
ቃልም አልተናገረች።

ዛሬ ማለዳ ወርዳ
ከታናሹ ጀመረች።
ታንኳው ወለል ላይ ሦስቱም ተሰጥተዋል፤
ትልቁ መዳፌን ያህላል።
በአንደኛው አፍ ውስጥ የእኛ ዓሣ ጭራ ይታያል።