ዝገት አገኘሁ

አባቴ ስም ሲያወጣ ወርቅአገኘሁ አለኝ፤
ሠላሳ አራት ዓመት ዝገት ነው ያበላኝ።

ዱሉዝ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ምድር ቤት ነበርን፤
ጠባቧ መስኮት የምታሳየን እግርን፣
የመንገደኛ ቦቲ፣ የተረገጠ በረዶ፤
አልፎ አልፎ፣ ሳናየው፣
ማዕድን የጫነ መርከብ ጥሩምባ።

በመጀመሪያው ቀን ኤይላ ኮስኬላ፣
የማዕድን ቆፋሪ ልጅ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ፣
ሁለት የብረት ጨው ባንድ ብልቃጥ አሟሟች፣
አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ማር የመሰለ፤
"አሁን አትናገር፤ ዝም ብለህ እይ" አለች።
አሞኒያው ጠብ ሲል
ዐይን ሳይጨፈን ጠቆረ።
ከጎኑ ማግኔት ስታስጠጋ
ያ ጥቁር ውሃ ጎበጥ ብሎ ተነሣ፤
"አቤት" ያለ መሰለኝ።

ያኔ ሥራችን ለካሴት ነበር።
ፋብሪካው የሚሻው የማይረሳ ዝገት፣
አንዴ የነገሩትን ሃያ ዓመት ይዞ የሚቆይ፤
ቡናማ፣ መርፌ መሳይ፣
አንዲት ጤፍ ሁለት ሺህ ቦታ ብትከፈል የሚያህል።

አንድ ሌሊት (እንቅልፍ ወስዶኝ ነው፣ ምን እዋሻለሁ)
ምድጃው ከስድስት መቶ ዲግሪ አልፎ አደረ።
ጠዋት ቡናማው ቀልቷል፣ እንደ ሸክላ።
ማግኔቱን ባስጠጋ፣ ባዞር፣ ብለማመጥ፣ ንቅንቅ የለም።
የስድስት ወር ሥራ።
ያው ብረት፣ ያው ኦክስጅን፣ ሚዛኑም አልጎደለ፤
የአቀማመጥ ነገር ነው፣
ማን ከማን ጎን እንደዋለ።
ኤይላ አልተቆጣችም። ዱቄቱን በጋዜጣ ጠቅልላ
"ለበጋ ቤቴ በር ቀለም ይወጣዋል" ብላ ወሰደችው።
በሩን አይቼዋለሁ። የኔ ጥፋት ነው፣ ያምራል።

ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ።
ዘፈን ወደሚያብለጨልጭ ሳህን ተዛወረ፤
የማይረሳ ዝገት የሚገዛ ጠፋ።
ብረትን እንደ ጋለ ነው ይባላል፤
የኛ ግን ከቀዘቀዘ በኋላ ተቀጠቀጠ።

ሐኪሞች መጡ፤ ጥያቄያቸው የተገላቢጦሽ፦
የሚረሳ ብረት ስጡን፣
ማግኔት ሲጠራው የሚመጣ፣
ማግኔቱ ሲነሣ ማን እንደጠራው የማያውቅ፣
ደም ሥር ውስጥ እርስ በርሱ ተያይዞ የማይቀር።
"መንገዱ ማሳነስ ነው" አለች ኤይላ፣
"በጣም ያነሰ ነገር ቂም አይዝም።"

ዐሥራ አንድ ዓመት ማሳነስ።
የገንዘብ ማመልከቻው ሦስቴ ተመለሰ፤
አንደኛው መልስ ላይ ስሟን እንኳ አሳስተው ጽፈውታል።
ፈሳሹ ጎሸ፣ ረጋ፣ ዘቀጠ፤
ማታ ማታ ብልቃጥ አጥብ ነበር፣
አውራ ጣቴ ጥፍር ሥር ያለው ጥቁር እስካሁን አልለቀቀም።
በአንድ የካቲት፣ ሐይቁ እስከ ድልድዩ በረዶ ሲሆን፣
አልዘቀጠም። በማግሥቱም አልዘቀጠም።
ምንም አላልንም፤ ሳንድዊቿን አካፈለችኝ።

ያ ፈሳሽ ጉበት ሲገባ
ጤነኛው ይጠቁራል፣ የታመመው ነጭ ይቀራል።
ይህን የጻፍነው እኛ ነን፣ ገጽ አራት ላይ፣ ከአይጥ ሥዕል ጋር።
እሷ ራሷ ታማ ወደ ማሽኑ ስትገባ
"ስጠራ አቤት እንዳልል ያዘኝ" አለችና ሳቀች።
ሥዕሉ ወጣ፤ ጥቁር ሜዳ፣
መሐሉ ላይ አንዲት ነጭ ባቄላ።
መነጽሯን አጠለቀች። ብዙ አየች።
"ንፅፅሩ ግሩም ነው፣ ወርቄ" አለች።

ቁልፍ ልመልስ በገባሁ ቀን
ከመሳቢያው ጥግ አንድ የሙከራ ካሴት አገኘሁ፤
ማጫወቻ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።
ኤይላ ናት፣ በአባቷ ቋንቋ ትቆጥራለች፣
ኡክሲ፣ ካክሲ፣ ኮልሜ፤
ዐሥራ አራት ላይ ሳል ያቋርጣታል፣
ከሩቅ መርከብ ይጮኻል፤
ከማይክሮፎኑ ራቅ ብሎ አንድ ወጣት
በማላስታውሰው ነገር ይስቃል።