የመውጫው በር መዝገብ

ከአንገረብ በላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣
አሥራ ስምንት ቅርጫት ቆሟል በብረት እግር።
ሰንሰለት አጥልቋል እንደ ሙሽራ ድሪ፣
የላስቲክ ሰሐን ሲያርፍበት ይንሿሿል፣ ልክ እንደ ሳንቲም ቆጣሪ።

እኔ ዘበኛው ነኝ፤ እንየው ነው ስሜ፤
ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ከጠዋት ቆሜ፣
ሰው ሁሉ ወርውሮ፣ ላቡን ጠርጎ ሲወጣ፣
መዝገብ እዘረጋለሁ፦ «ያዩትን ይጻፉ፤ ምስጋናም ቢሆን ቁጣ።»

መጀመሪያው ገጽ ላይ አቶ ቢያድግልኝ፣ ጡረተኛው ዳኛ፣
እንዲህ አስፍረዋል በችሎት አማርኛ፦
«ስድስተኛው ቅርጫት ከገደል አፋፍ መተከሉን ስሕተት ሆኖ ስላገኘነው፣
ሦስት ሰሐናችንም ወንዝ ገብቶ ስለቀረ፣ ይነሣ ብለናል። ይግባኝ መብት ነው።»

ደርሶ ባለባጃጁ ሁለት ቃል ጣለበት፦ «መንገዱን ሥሩልን!»
ከሥሩ ሌላ እጅ፦ «ጎማህ ነው ያረሰው፤ አንተ ምን ሠራህልን?»

«ጎንደር የግንብ አገር ብለን ከባሕር ዳር ድረስ ብንመጣ፣
ይሄ ግድግዳ የለው፣ ጥላ የለው፣ የፀሐይ ማስጫ!»
ከጎኑ፣ በእርሳስ፦
«ግንቡስ ራሱ ቢሆን፣ ስንት ዘመኑ ነው ጣራ ካጣ።»

ሐጂ ሰይድኑር ከአዲስ ዓለም፣ ጨርቅ ሲለኩ የኖሩ፣
ሜዳውን በክንድ ለክተው፣ ጎንበስ ቀና ሲሉ አድረው፣ እንዲህ አሰፈሩ፦
«ሰሌዳው ሰባ ሜትር ይላል፤ ብለካው ይጎድላል።
በሱቄ ቢሆን ያስቀጣኝ ነበር፤ የማዘጋጃን ክንድ ማን ይለካዋል?»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን አስጻፉኝ እንጂ አልጻፉም፤
እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከደስታ ይሁን ከድካም አላወቅሁም፦
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰሐን አጥቤያለሁ በሆቴል ጓዳ ውስጥ፣
አንዱን በሰበርሁ ቁጥር ከደሞዜ ሲቆረጥ።
ዛሬ ወርውሪ አሉኝ። ወረወርሁ። ማንም አልጠየቀኝ።
ኧረ እንዴት ቀለለኝ!»

የቅኔው ተማሪ፣ ልዑለቃል፣ አንድ ቀን ሙሉ ሲስት ውሎ፣
ሁለት መስመር ትቶ ሄደ፣ ጋቢውን ጠቅልሎ፦
«የኔታ ያቀኑኝ፣ ክንዴ ያልሰነፈ፣
አልገባ ብሎኝ እንጂ፣ ስንቱ በጎን አለፈ።»
ሰሙን ሜዳው ያውቀዋል። ወርቁን ግን ለብቻው ይዞት ነጎደ፤
እኔ እስኪመሽ ፈታሁት፣ ልቤ ግን ጥሎኝ አብሮት ሄደ።

አንድ ገጽ አለ። ስም የለበትም።
«ከቤት ከወጣሁ ብዙ ወሬ ነው።
የሚበር ነገር ወደ እኔ ሲመጣ አየሁ፤
አንገቴን ደፋሁ፣ ጆሮዬን ያዝሁ።
ቢጫ ነበር። ቀስ ብሎ ዞሮ ሣሩ ላይ ተኛ።
አንድ ልጅ ሮጦ መጣና «ይቅርታ፣ እትዬ» አለኝ።
ሌላ ምንም አልሆነም።
ሌላ ምንም አልሆነም።»

ዓርብ የማዘጋጃው ሰው መጣ፣ መነጽሩን ወልውሎ፣
ቅጠሉን ቆጠረ፦ «አንድ ገጽ ጎድሏል» አለኝ ግንባሩን ቋጥሮ።
«ነፋስ ነው፣ ጌታዬ» አልሁ፤ «የአንገረብ ነፋስ፣ እንኳን ወረቀት፣
ስንት ሰሐን ወስዶብናል ከነምልክት።»
ገጹ ኮቴ ውስጥ ነበር፣ በደረት ኪሴ፣
ሲተነፍስ ይሰማኛል፣ ወይም እኔው ነኝ ራሴ።

ሲመሽ፣ ሜዳው ሲራቆት፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ
ሰማያዊ ሰሐን አለኝ፣ «የኔ ነው» ብሎ ሰው ያልጠየቀ።
አንደኛው ቅርጫት ፊት ቆምሁ። ዙሪያዬን ቃኘሁ። ወረወርሁ።
ባሕር ዛፍ መታ፤ ቅርፊት ረገፈ፤ ብቻዬን ሳቅሁ።

ተመለስሁ። ከዳኛው ፍርድ፣ ከሐጂ ክንድ፣ ከቅኔው ሥር፣
ጥቂት ባዶ ቦታ ነበር።
ምን ልበል? ደግ ነው? ክፉ ነው?
እስክሪብቶው ደረቀ፤ ተፋሁበት፤ አራግፌ እንደገና ያዝሁት፤
ስሜን ብቻ ጻፍሁበት፦

እንየው።