ዳዝሊንግ የምትባል ቃል

ቢቸና። ዘጠነኛ «ለ»። አምስተኛ ክፍለ ጊዜ።
ግማሹ ክፍል እንቅልፍ፣ ግማሹ ትካዜ።
ባለቀ ጠመኔ፣ ሰሌዳ እየፋቅሁ፣
«ዳዝሊንግ» የምትባል አንዲት ቃል ሰቀልሁ።

መዝገበ ቃላቴ፣ ጀርባው በሲባጎ የተሰፋው፣
«በጣም የሚያበራ» ብሎ ቃሉን ተፋው።
«በጣም»ማ ምንድን ነው? መብራት በሄደ ለት
ኩራዝም በጣም ነው፣ ጨለማ ለዋጠው ቤት።

«የሚያብረቀርቅ» አልሁ። አንሙት ከኋላ፦
«እሱ የሊስትሮ ነው፤ ቲቸር፣ ያምጡ ሌላ።»
«የሚያንጸባርቅ» አልሁ። «መስታወት ነው እሱ፤
የራሱ ብርሃን የለው፣ የውሰት ነው ልብሱ።»
«ቦግ ያለ» ብላቸው፣ ቦግ ያለ ይጠፋል፤
«ጸዳል» ብል የመቅደስ ነው፣ ደጀ ሰላም መች ያልፋል?

ይህን ስንባባል፣ ማዶ፣ አዲስ የተመታ
የእድሩ ቆርቆሮ በፀሐይ ተመታ።
ክፍሉ ከዳር ዳር ግንባሩን ቋጠረ፤
መቶ አርባ ስድስት ዓይን ላንድ አፍታ ታወረ።
«ይሄ ነው!» አልኋቸው፣ «ይሄ ነው፣ ያዙት፤
ዓይን የማይችለው፣ ዓይኖች ያልጠገቡት።»

«ታዲያ ባማርኛ?» አለች አንዲት ዝምተኛ፣
ደብሬ ናት፣ ከበሩ ጥግ፣ ከረድፍ ሦስተኛ።
«ዓይን የሚያጥበረብር» ብዬ ልጽፍላት፣
ጠመኔው ተንሸራቶ «ጥ»ን «ጭ» አደረጋት።

ዓይን የሚያጭበረብር።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
የደብሬ ፊት ብቻ የጮቄን ደመና ለበሰ።
«አያጥፉት ቲቸር» አለች፣ «ልክ ነው እንዳለ።»
ዳስተር የያዘው እጄ ባየር ተንጠለጠለ።

«አባቴ በያጅ ነው፣ ከመናኸሪያው ጓሮ፤
ብረቱን የበየደ እሱ ነው፣ የዚያን ቆርቆሮ።
የዓይን መከለያ ሸጠለት አንድ ጥርሰ ወርቅ ነጋዴ፤
‹የጀርመን ነው› አለው፣ ሦስቴ ምሎ ባንዴ።
ላስቲክ ነው ለካንስ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ፤
ሰማያዊው እሳት ሳያንኳኳ ገባ።
ድንች በስሱ ቆርጬ ዓይኑ ላይ አኖርሁ።
በቀትር ‹መሸ ወይ?› ሲለኝ፣ ‹አዎ መሸ› አልሁ።
ታዲያ እኔስ፣ ቲቸር፣ ዋሽቼ ሳስተኛው፣
‹ጥ› ነኝ ወይስ ‹ጭ› ነኝ? ፊደሌስ የትኛው?»

መልስ አልነበረኝም።
ዋርካው ላይ የተሰቀለው ቸርኬ ተደውሎ አዳነኝ።

በማግሥቱ ስም ስጠራ «ደብሬ ልየው» ጋ ደረስሁ።
«ደብሬ» ብቻ አልሁ። ያባቷን ስም ዋጥሁ።

በሰኔ ፈተና፣ በጥያቄ ሃያ፣
ቃሏን አወጣኋት እንደ ቅዳሜ ገበያ፦
ዓረፍተ ነገር ሥሩባት።
ፀሐይዋ ዳዝሊንግ ናት፤ ሙሽራዋ ዳዝሊንግ ናት፤
የአንሙት አጎት ባጃጅ እንኳ ዳዝሊንግ ናት።
ደብሬ፣ በጠባቧ ጽሕፈቷ፣ መስመር ሳታልፍ፦

«አባቴ የሠራው ጣራ ዳዝሊንግ ነው።
እኔ እነግረዋለሁ።»

በቀይ እስክሪብቶዬ ስሕተት ፈለግሁ።
ግሡ ልክ ነው፤ ነጥቡም ልክ ነው።
መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ሰዓቱም ስድስት፤
ያችን አንዲት ወረቀት
ዓይኔን ጨፍኜ አረምሁ።