አንድ ወገን

የእህቴ ልጅ ኦስናት ዛፍ ቆጣሪ ሆና፣
እሁድ በማለዳ መጣች አስቀሎና፤
ባንገቷ ማጉያ፣ ባንድ እጇ ሜትር ይዛ፣
የቆርቆሮ ቁጥር ቋጥራ እንደ ዋዛ።

እኔ እዚህ ከተማ ቅጠል እጠርጋለሁ፤
ጥላቸውን እንጂ ስማቸውን የት አውቃለሁ?

«አጎቴ፣ ይኼ ሁሉ አንድ ወገን ነው» አለች፣
ሁለት ቋንቋ ፈትላ፣ አንዱን ባንዱ እያሳለፈች፤
«ፊኩስ ይባላል። ምልክቱ አለ፤
ቅጠሉ በወጣበት ቀለበት ካልታየ፣
ሲቆረጥ ወተት ካልፈሰሰ፣ ከወገኑ የለ።»
ቆረጠች። ነጩ ወተት ጠብ አለ ከጣቷ፣
ተጣበቀ ሜትሯ፣ ተጣበቀ ወረቀቷ።

«ከዚህ ወዲያ ጥያቄ ነው፤ ነው ወይስ አይደለም፤
ባንዱ በር ከገባህ በሌላው መውጣት የለም።»

አውቶቡስ ማዞሪያው ጋ ያለው ቅጠሉ ትንሽ፣ የሚያበራ፣
ከቅርንጫፉ ሥር የሚወርድለት፣ እንደ ጢም የተዘራ፤
ፍሬው ከአተር አይበልጥም። ይኼን እንኳ አውቃለሁ፣
አስፋልት ላይ ሲለጠፍ ጥቁሩን ተንበርክኬ እፈትጋለሁ።
የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ያለው፣ ቅጠሉ ጅራት አለው፣
ዝናቡ ካባራም በኋላ ጫፉ ላይ ጠብ ጠብ የሚለው።
የክሊኒኩ ደጃፍ ያለው እምቡጡን በቀይ ቆዳ ጠቅልሎ፣
አዲስ ቅጠል ሲወልድ ይታያል ሽፋኑን መሬት ላይ ጥሎ።
«በለስም?»
«በለስም! ቅጠሉ ጣት ያለው ሻካራ እጅ፤
ለአንዱ የአክስት፣ ለሌላው የአጎት ልጅ።»

ከባሕሩ ወዲህ፣ አሸዋው ላይ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ፣
አንድ አሮጌ ዛፍ አለ። ገና ከሩቅ፣ «ይኼማ ባምባ!»
አልኩ። ሳቀች ኦስናት። ለእሷ ባምባ ማለት፣
የኦቾሎኒ መክሰስ ነው፣ በከረጢት የሚሸጡት።

«ቆይ» አለች። ፍሬውን ፈለገች፤ ከቅጠል ብብት ሳይሆን ከግንዱ ላይ፣
በዘለላ ወጥቷል፤ ቅርፊቱ ቢጫ ነው፣ የተላጠ በፀሐይ።
ቅጠሉን ጉንጯ ላይ አሸችው፤ እንደ ድመት ምላስ፣
«ሄድን» አለች፣ «ከበር ወደ በር፣ እስከ መጨረሻው ድረስ።
ሺክማ ነው ያንተ ባምባ።» ምስማሩን መታችበት፣
አራት መቶ ስድሳ ሁለት።

እኔ ግን አንዱን ፍሬ በጥፍሬ ከፈትኩት፣
ዐይኔን አስጠግቼ አገላብጬ አየሁት።
ባዶ ነው።
ያቺ ጥቁር ትንኝ፣ ከጤፍ የምታንሰዋ፣
ጭልጋ ወንዝ ዳር፣ ፍሬ በተከፈተ ቁጥር የምትወጣዋ፣
እፍ ብለን አባረን የምንበላባት፣ የለችም።
«ይኼ የኛ አይደለም» አልኩ። ኦስናት አልሳቀችም።
«ያው ነው፣ አጎቴ፤ ዝርያው አንድ ነው፤
ትንኟ ናት የቀረች። ዛፉን ብቻ ሰው አመጣው።
ዘር አያውቅም እዚህ፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ በቁራጭ ነው የቆየ፤
ፍሬውም ሳይበስል ይረግፋል፣ ቢላ ካላየ።»

«መጠይቁ ላይ ትንኝ አለች?»
«የለችም።»
«ታዲያ በምን ለየሽው?»
ምንም አላለችም።

ሐሙስ ብቻዬን ተመለስኩ። የመግረዣ ቢላዬን ሳልኩ፣
እጄ የደረሰበትን፣ አሥራ አንድ ፍሬ ጫር ጫር አደረግኩ።
እሁድ ለስልሰው ጠበቁኝ፣ እንደ ሕፃን ጆሮ፤
ማር ማር ይላሉ፣ የባሕሩም ጨው አብሮ።
አንዱን ከፈልኩ። ጥርሴ ሳይነካው፣ ገና ሳልቀምስ፣
አፌ ቀደመኝ፤ ስድሳ ዓመት ያቆየው ትንፋሽ፣ ያችው ነፋስ፣

እፍ አልኩበት።

ምንም አልበረረ። ቆሜ ቆየሁና በላሁት።