እስከ «ዘ»

አል ዓይን፣ እኩለ ሌሊት፤ ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣
በማጉያው ሥር የአሳማ ሽል አሥረኛ ቀኑን ይዟል።
ጓንት በጓንት ደርቤ፣ ሣቅ አመለጠኝ ብቻዬን፦
አይበላውም አንዱም ስሜ፣ ብጠራቸው ሁለቱን።

እንስት ናት፤ ሁለት ኤክስ አላት፣ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት፤
በፊት ሁለቱም ያወሩ ነበር፣ እየተሻሙ በአንዲት ቤት።
ለሁለት አፍ ግን ጠበበች።
በየሴሉ ዕጣ ወጣ፤
ዝም በል ከተባለው ሆድ እንደ ድር ያለ ክር መጣ፣
ጠቀለለው፣ አፉን ያዘው፣ እስኪመስል የጤፍ ቅንጣት፣
ከግድግዳው ጥግ አስደገፈው።
ዝም ማለት ግን አይደለም ሞት።

እኔንም የሐይቅ ደላላ «ዘሃራ» ብሎ ጻፈኝ፤
ኢቃማው፣ የደመወዝ ካርዱ፣ ዶክተር ኻልፋንም በዚያው ጠራኝ።
ዘውድነሽ ተጣጥፋ አለች፣ ከጎድን አጥንቴ ጥግ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ትንፍሽ ሳትል፣ ሳትከስም፣ ሳትጠወልግ።

«እንቁላል በሚሆነው ሴል» አለኝ ዶክተሩ ሲወጣ፣
«ክሩ ይፈታል፤ ዝምተኛው ዳግም ይገባል ከዕጣ።»
አልመለስኩለትም። ውጭ የንጋት አዛን ጀመረ፣
መዝገቡን በአማርኛ ስፈርም፣ «ዘ» ላይ እጄ ቀረ።
እስከዚች ፊደል አንድ ናቸው።