የአርባ ሌሊት ጥያቄ

ሠላሳ ሁለት ገጽ ጠረጴዛ ሞልቶ፣
«አርባ ሌሊት ስጡኝ» ይላል ተዘርግቶ።
አርባ።
ከዓመቱ ጨለማ ክረምት ተቀንሶ፣
አቧራ ተቀንሶ፣ ደመና ተቀንሶ፣
መብራት የሚጠፋበት እሱም ተቀንሶ፣
የሐኪም ጋራዋ ቴሌስኮፕ የሚቀራት
ዘጠና ሌሊት ነው፤ ሃያ ስድስት ሰው አላት
በር ላይ የሚጠብቃት።

ከሥሩ ያለችው አንድ ገጽ ናት ብቻ፤
ሲትራ ከድሬዳዋ፣ ያለ ቡድን፣ ለብቻ፣
«ሁለት ሰዓት ይበቃኛል» ትላለች፣ «በጥር መባቻ።»

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነን።
ደንባችን አጭር ነው፦ ብዙ የጠየቀ ብዙ ይጠየቃል፤
ለምን በአሥር አይሆንም? ቢቋረጥስ ምን ይጎድላል?

ኢንጂነር ቶሎሳ «ይቆራረስ» አለ፣
«ለሁሉም አምስት አምስት፣ ማንም ቅር እንዳይለው።»
እኔ ግን ኮከቧ አሳዘነችኝ፦
በአሥራ ስምንት ቀን አንዴ ብርሃኗ የሚሳሳ፣
አንድ ሌሊት ተኝታ በማግስቱ የምትነሳ፤
በአምስት ሌሊት ቅንጣቢ ይህን ማን አይቶ ያምናል?
ግማሽ ድልድይ፣ ደቻቱ ሲሞላ፣ ማንን ያሻግራል?

ያኔ ትዝ አለኝ የኤረር በሩ የቦኖ ውሃ፣
በስምንት ቀን አንዴ የሚመጣው፤ ባለጸጋ ሆነ ድሃ
ጀሪካኑን በገመድ ሸብቦ የሚያድርበት።
አንድ ሌሊት የሠርግ ቤት ሰው መጣ፣
«አርባ ጀሪካን» አለ፣ ከሰልፉ ፊት ወጣ።
የአፎቻው ሴቶች ጮኹ፤ ክዳን ከክዳን ተጋጨ።
ሐጂ ረምላ ግን ጠየቀችው፣ ዝግ ብላ፦
«ስንት ሰው ይጠጣል? ትርፉስ የማን ነው በኋላ?»
ከዚያ፦ «ውሰድ። እንስራው ግን በር ላይ ይቀመጥ፤
ያልተጠራም አላፊ ጥሙን ይቁረጥ።»
እኔን ደግሞ በትከሻዬ ይዛ፣ ባለ አንድ ጀሪካኗን፣
«ይቺ ትቅደም» ብላ ሠርገኛውን አስቆመችው።

ስለዚህ ጻፍኩ፦
ሠላሳ ስድስቱን ውሰዱ፣ ሁለት ዙር ነው፣ ሳይቆረጥ፤
ያያችሁት ግን በየንጋቱ በር ላይ ይቀመጥ፣
ያልጠየቀም ይቅዳው።
በጥር መባቻ ሁለት ሰዓት ትቅደም ሲትራ፤
ደመና የበላው አይካስም፣ ከማንም ተራ።

ቶሎሳ ፈረመ። አላመነም።
አሥራ አንድ ሰዎች ባዶ ጀሪካን ይዘው ተመለሱ፤
የነሱን ደብዳቤ ሦስቴ ጀምሬ ተውኩት፣
«እናዝናለን» የሚለው ቃል ከብዕሬ አልወርድ ብሎ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው።
በስተምሥራቅ ስስ ደመና አለ።
ግቢው ውስጥ ቧንቧው አንዴ አሳለ፣
ነፋስ ተፋ፣ ዝም አለ፣
ደግሞ አሳለ።
ወረቀቱን በድንጋይ ጫን አድርጌ፣
ጀሪካኔን አንስቼ ወረድኩ፤
ከፊቴ አራት ሰው አለ።