የዘገየች ጠብታ

የካቲት ነው ቱርኩ፤ አውራ ወንዝ ረግቷል፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ሕንጻው ጸጥ ብሏል።
ማሞቂያው ሣጥን ውስጥ፣ በሠላሳ ሰባት፣
ስድስት ሳህን ሙሉ የነርቭ ሕዋሳት።
ለሦስቱ ከምግቡ ፕሮቲን ታክሎላቸው፣
ለሦስቱ ምግብ ብቻ፤ ሌላ የላቸው።
‹ማነጻጸሪያ› ብዬ ክዳኑ ላይ ጻፍኩኝ፤
የነፈግኳቸው እኔው፤ ሙያዬ ነው፤ ተዉኝ።

በማይክሮስኮፑ ዝቅ ብዬ ሳያቸው፣
የሐረግ ጫፍ መስሏል ቀጭኑ ክንዳቸው፤
የሚይዙት አጥተው ባዶውን ሲዳስሱ፣
ዶቃ ዶቃ ሠርተው፣ ተበጥሰው ፈረሱ።

ሞት ይመስለኝ ነበር ከውጭ የሚገባ፣
በር ሰብሮ፣ እንደ ሌባ።
ኢርመሊ ግን አለችኝ፣
ዘንድሮ ጡረታ የምትወጣው፣ ሹራቧ ክርኗ ላይ የተጣፈው፦
«ሞትማ ቤተኛ ነው።
ከተወለዱ ጀምሮ ቢላውን ስሎ ጓዳ ተቀምጧል።
የሚጠብቀው ዝምታን ነው።
ከጎረቤት ‹አይዞህ› የምትል ቃል በመጣች ቁጥር
ቢላውን መልሶ ሰገባው ይከታል።»

ያቺ ቃል ፕሮቲን ናት፤ ከአቧራ ታንሳለች፤
የሕዋሱን ደጃፍ አንኳኩታ ትገባለች፤
በረጅሙ ክር ላይ ተጉዛ፣ ተጉዛ፣
እስከ እምብርቱ ድረስ መልእክቷን ይዛ፦
«ትፈለጋለህ፤ ቆይ።» ይኸው ነው ነገሩ።
በመርዝ፣ በአየር እጦት ተጨንቀው ሲያድሩ፣
ይህን የሰሙት ናቸው ጠዋት የሚኖሩ።

በአሥራ አራተኛው ሰዓት ፒፔቱን አነሳሁ።
ማንም አላዘዘኝ፤ ደንቡንም አልረሳሁ።
ለማይገባት ሳህን ጠብታ አፈሰስኩኝ፣
መዝገቡም ላይ ጻፍኩ፦ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ጠዋት ኢርመሊ መጣች፤ የጫማዋን በረዶ ሳታራግፍ አነበበች።
አልተቆጣችም። አልሳቀችም።
የሳህኖቹን ጊዜ ጠብቃ፣ በማግስቱ አጎንብሳ ቆጠረች።
ከመቶው ስልሳ ሁለቱ ክራቸውን እንደገና ዘርግተዋል።
ሠላሳ ስምንቱ የሉም፤
ቃሉ ሲደርስ ጆሮ አልነበራቸውም።

«እንግዲህ» አለች፣ እርሳሷን ከጸጉሯ መዝዛ፣
«በአሥረኛው፣ በሃያኛው፣ በሃያ አራተኛው ሰዓት እንሞክር።
‹ረፈደ› የሚባለው ስንት ሰዓት ላይ ነው? እስቲ እንወቀው።»
ክዳኑ ላይ ‹ማነጻጸሪያ› የሚለውን ሰረዘች፤
‹የዘገየች› ብላ ጻፈች።

ኮቴን ደርቤ ወጣሁ።
ወንዙ ላይ አንድ ሽማግሌ በረዶውን በስቶ፣
ቀጭን ክር ወደ ጨለማው አውርዶ፣
ሳይነቃነቅ ይጠብቃል።